ባልና ሚስት በክረምት ጅማ ላይ አንድ ሳምንት በተራራ ብስክሌትና በሽርሽር የሚያሳልፉበት የአሠራር መመሪያ

ክረምት በገባ ቁጥር፣ በተለይም ትምህርት ቤቶች ተዘግተው የዓመት ፈቃድ የሚወጣበት ጊዜ ሲደርስ፣ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይቀርብልኛል፦ «እኔና ባለቤቴ ብስክሌት እንነዳለን፤ ጅማ መጥተን አንድ ሳምንት ልናሳልፍ አስበናል፤ ነገር ግን ዝናቡ ያስኬዳል ወይ?» ያስኬዳል። የሚያስኬደው ግን ቀኑን ለሁለት ከፍሎ፣ ጠዋቱን ለብስክሌት፣ ከሰዓት በኋላውን ለዝናቡና ለሽርሽሩ ለሚተው ሰው ነው። ጅማ በዓመት ከ1,400 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የምታገኝ አገር ናት፤ በክረምቱም ዶፉ ብዙውን ጊዜ የሚወርደው ከሰዓት በኋላና ማታ ስለሆነ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ያለውን ጊዜ በአግባቡ የሚጠቀም ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሊነዳ ይችላል። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በዚሁ ሰዓት ላይ የቆመ ነው። ሰዓቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለብስክሌቱ፦
- በጎኑ ጥርስ ያለው የተራራ ጎማ፣ ስፋቱ 2.1 ኢንች አካባቢ የሆነ። ከዚህ በጣም የሰፋ ጎማ በሹካው መካከል ጭቃ ይዞ ይቆማል።
- ለእያንዳንዱ ብስክሌት 2 ትርፍ የውስጥ ጎማ (ካላማዳሪያ)፣ የጎማ ማውለቂያ፣ መለጠፊያ፣ ማስቲሽና የብርጭቆ ወረቀት።
- አንድ የእጅ ፖምፓ። የሁለታችሁ ብስክሌት የጎማ ቫልቭ የተለያየ ከሆነ ፖምፓው ለሁለቱም የሚሠራ መሆኑን ከቤት ሳትወጡ ሞክሩ።
- ባለስድስት ማዕዘን ቁልፎች፣ ካቻቢቴ፣ ሰንሰለት መፍቻና 2 የሰንሰለት መገናኛ።
- ለሁለቱም ብስክሌቶች አንድ አንድ ጥንድ ትርፍ የፍሬን ሸራ ወይም የፍሬን ጎማ። ይህን ከሁሉ አስቀድማችሁ ያዙ፤ በክረምት ጭቃ ቶሎ የሚያልቀው እሱ ነው።
- ቀጭን የሰንሰለት ዘይት፣ የማይፈለግ ጨርቅ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ጭቃ የሚፋቅበት የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ማንኪያ።

ለራሳችሁ፦
- ሄልሜት፣ ጓንት፣ ከፊትና ከኋላ መብራት፣ ፊሽካ።
- ቀላል የዝናብ ልብስ፣ 2 ቅያሪ ካልሲ፣ ከጉልበት በታች የሚወርድ ሰፊ ሱሪ።
- ለእያንዳንዳችሁ ቢያንስ 1.5 ሊትር ውኃ የሚይዝ ዕቃ።
- የመጀመሪያ ርዳታ ቦርሳ፦ ፋሻ፣ የቁስል ማጽጃ፣ የሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ የምትወስዱት መድኃኒት ካለ እሱንም።
- መታወቂያ፣ ዝርዝር ብር፣ ስልኩ የሚጠቀለልበት ድርብ ፌስታል።
- ለማታ ጋቢ ወይም ሹራብ፤ የክረምት ማታ ጅማም ቢሆን ይቀዘቅዛል።

1. ሳምንቱን ምረጡ

የፍልሰታን ጾም የምትጾሙ ከሆነ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ያለውን ጊዜ አትምረጡ። እስከ ከሰዓት ጾሞ ጠዋት ዳገት መውጣት ኃይል ያሳጣል፤ በጾሙ ምግብ ላይ ብቻ ተመሥርቶ ለ4 ሰዓት መንዳት የሚቻል ቢሆንም፣ ሳይበሉና ሳይጠጡ መንዳት ግን ቁልቁለት ላይ ማዞርን ያመጣል። ፍልሰታ ከተፈታበት ከነሐሴ 16 እስከ ጳጉሜን ያለው ጊዜ የተሻለ ነው። ዝናቡ ገና አለ፤ ነገር ግን መሬቱ አረንጓዴ ለብሷል፤ የእረፍት ጊዜያችሁም ገና አላለቀም።

ሰኞ ገብታችሁ በተከታዩ ሰኞ የምትወጡበትን ሳምንት ያዙ። ምክንያቱ የሐሙስ ገበያ ነው። ሐሙስ የጅማ ትልቁ የገበያ ቀን በመሆኑ፣ ከየገጠሩ ወደ ከተማው የሚያስገቡት መንገዶች ጠዋት ጠዋት በእግረኛ፣ በአህያና በፈረስ ይሞላሉ። በዚያ መካከል ቁልቁለት መውረድ ለእናንተም ለገበያተኛውም አደጋ ነው። ሰኞ ከገባችሁ ሐሙስ በሳምንቱ መካከል ላይ ስለሚውል፣ እግራችሁ ዕረፍት በሚፈልግበት ቀን ገበያውን ታያላችሁ።

2. ብስክሌቶቹን ከመነሣታችሁ ከ10 ቀን በፊት አሰናዱ

ጅማ ላይ እንደ ልብ የሚከራይ የተራራ ብስክሌት አገኛለሁ ብላችሁ አትምጡ፤ የራሳችሁን ይዛችሁ ኑ። ከ10 ቀን በፊት የምላችሁ፣ የጎደለ ዕቃ ቢኖር አዲስ አበባ ላይ ፈልጎ ለመግዛት ጊዜ እንዲኖራችሁ ነው። ጎማ የሚለጥፍ ጎሚስታ በየመንደሩ ታገኛላችሁ፤ ለዲስክ ፍሬን የሚሆን ሸራ ግን ቅዳሜ በምታልፉባት በትንሿ ከተማ በሸቤ አይገኝም።

ሀ. የፍሬኑን ሸራ አውጥታችሁ እዩ። ከብረቱ በላይ ያለው ውፍረት 1 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ቀይሩት። ቀዩ የጅማ አፈር ሲርስ እንደ ሞረድ ይሞርዳል፤ በአዲስ አበባ አስፋልት ወር የሚቆይ ሸራ እዚህ በአንድ ጠዋት ቁልቁለት ሊያልቅ ይችላል።

ለ. የኮርቻውን ከፍታ ለየራሳችሁ ለኩ። ኮርቻው ላይ ተቀምጣችሁ ተረከዛችሁን ታች በወረደው ፔዳል ላይ ስታሳርፉ እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት፤ ከዚያ የእግራችሁን ፊት ስታሳርፉ ጉልበታችሁ በጥቂቱ ይታጠፋል። ኮርቻው ዝቅ ያለበት ሰው በሦስተኛው ቀን ጉልበቱን ያመዋል፤ ባልና ሚስት ብስክሌት ሲለዋወጡ ደግሞ ይህን ማስተካከል የመርሳት ልማድ አላቸው። በቀለም ወይም በፕላስተር የየራሳችሁን ምልክት አድርጉበት።

ሐ. በትንሹ ማርሽ ዳገት መውጣቱን ሞክሩ። ትንሹ ማርሽ የማይገባ ከሆነ ሌላው ሁሉ ደህና ቢሆንም ጅማ ላይ ትቸገራላችሁ።

መ. ዕቃ ጭናችሁ፣ ቢቻል በዝናብ ቀን፣ 20 ኪሎ ሜትር ንዱ። የሚላላው ብሎንና የሚያንሰው ጫማ የሚታወቀው ያኔ ነው።

3. ብስክሌቶቹን ጫኑ

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ብስክሌቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚጓዘው አውቶብስ ጣሪያ ላይ ነው። የፊተኛውን ጎማ አውጡና ከብስክሌቱ ጎን እሰሩት፤ ፔዳሎቹን ፍቱ፤ መሪውን አዙሩ። የኋላ ማርሽ ቀያሪው ያለበትን ጎን በወፍራም ካርቶን ሸፍናችሁ፣ ያ ጎን ምንጊዜም ወደ ላይ እንዲሆን ለረዳቱ አሳዩት። ዲስክ ፍሬን ካለው፣ ጎማው በወጣበት በኩል በሸራዎቹ መካከል የታጠፈ ካርቶን አስገቡ፤ ያለዚያ በጉዞው ላይ የፍሬኑ እጀታ በተጨመቀ ቁጥር ሸራዎቹ ይጠጋጉና ስትደርሱ ጎማው አይገባም።

ሲጫን ከአጠገቡ ሆናችሁ ተመልከቱ። እኛ በአንድ ጉዞ ይህን ባለማድረጋችን የባለቤቴ ብስክሌት ከሁለት ኩንታል በታች ተጭኖ፣ ማርሽ ቀያሪው የሚታሰርበት ጆሮ ጠምሞ ደረሰ። ሁለት የመንዳት ቀን አጠፋን።

4. በገባችሁበት ቀን አትንዱ

ሰኞ ማታ ብስክሌቶቹን ገጣጥሙ፣ ብሎኖቹን አጥብቁ፣ እራት በሉ፣ ተኙ። ከተማው ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ነው። ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ይህ ወደ ታች መውረድ ስለሆነ ትንፋሹ አይቸገርም፤ ከጋምቤላ፣ ከድሬዳዋ ወይም ከሌላ ቆላ የመጣችሁ ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ዝግ ብላችሁ ጀምሩ።

ያረፋችሁበትን ቤት ሰዎች ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የምትሄዱበት መንገድ ሰላም መሆኑን፣ በዚያ ሳምንት በጎርፍ የተቆረጠ መንገድ መኖሩን፣ ብስክሌቱ በሌሊት የሚቆለፍበትን ቦታ። የመጀመሪያውን ጥያቄ በየማታው ለነገው መንገድ እንደገና ጠይቁ፤ አንድ ጊዜ የተሰጠ መልስ ለሳምንት አይሆንም። ክፍሉ አጎበር መኖሩንም እዩ። ጅማ ከፍ ያለች ብትሆንም በዙሪያዋ ያሉ ዝቅተኛ ስፍራዎች ወባ አለባቸው። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ቢይዛችሁ ጅማ መሄዳችሁን ለሐኪሙ ንገሩ።

5. የየጠዋቱን ቅደም ተከተል ያዙ

ሀ. 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ተነሥታችሁ ብሉ። እንደ ጨጨብሳ ያለ ቁርስ ከማር ጋር ለዳገት ጥሩ ስንቅ ነው፤ ቅቤው ግን የበዛ እንደሆነ ሆድ ይከብዳልና ቅቤውን ቀንሱ።

ለ. ውኃችሁን ሙሉ። በሰዓት ለአንድ ሰው ግማሽ ሊትር አስቡ። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ጥማት አይሰማም፤ ላቡ ግን በዝናብ ልብሱ ውስጥ እየወጣ ነው። የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ከሌላችሁ በ1 ሊትር የተፈላ ውኃ ውስጥ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ከጨዉ አታብዙ።

ሐ. ሙዝ፣ ዳቦ ቆሎ ወይም ጩኮ በኪሳችሁ ያዙ፤ በየ45 ደቂቃው ጥቂት ብሉ። በሶም ይሆናል፤ ግን የሚበጠበጥበትን ውኃ ከመጠጫው ውኃ ላይ ጨምራችሁ አስቡ።

መ. ጎማውን በአውራ ጣት ተጫኑ። በጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ልክ ጀምሩ፤ ጠጣር የተነፋ ጎማ ድጥ ላይ አይዝም። ካላማዳሪያ ያለው ጎማ ግን ከዝቅተኛው ልክ በታች ከወረደ ድንጋይ ላይ ተነክሶ ይቀደዳል።

ሠ. የሁለቱንም ፍሬን ጨብጡ፣ ብስክሌቱን ወደፊት ገፍታችሁ ሞክሩ።

ረ. ጭጋግ ካለ ጠብቁ። የጅማ ጠዋት ብዙ ጊዜ በጭጋግ ይጀምራል፤ 30 ደቂቃ ስትታገሡ ይገፈፋል። መብራት ሳታበሩ በጭጋግ ዋናው መንገድ ላይ አትውጡ።

ሰ. የመመለሻ ሰዓት ተነጋገሩ። የትም ብትደርሱ፣ መንገዱ ምንም ቢያምር፣ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ፊታችሁን ወደ ኋላ ታዞራላችሁ። ይህን ከመነሣታችሁ በፊት መወሰን ያስፈለገው፣ ዳገት ላይ ሆናችሁ ስትከራከሩ ብርቱው ያሸንፍና ደካማው ዝናብ ስለሚመታው ነው።

6. ሁለት ሆናችሁ መንዳትን ተለማመዱ

ብዙዎቹ ጥንዶች ሳምንታቸው የሚበላሸው በዝናብ ሳይሆን በዚህ ነው። አንዱ ይቀድማል፣ ዳገቱ ራስ ላይ ሆኖ ይጠብቃል፣ ሌላው ሲደርስ ያረፈው ሰው ይነሣል፤ ኋላ የቀረው ሳያርፍ ይቀጥላል። በሁለተኛው ቀን አንዱ ይሰላቻል፣ አንዱ ይደክማል። ስለዚህ፦

ሀ. በዳገት ላይ ዝግ የሚለው ሰው ይምራ። ፍጥነቱን የሚወስነው እሱ ወይም እሷ ናት። ልኩ መነጋገር መቻል ነው፤ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ካቃታችሁ ፈጥናችኋል።

ለ. በቁልቁለት ላይ ልምድ ያለው ይምራ፤ በመካከላችሁ ቢያንስ 30 ሜትር ይኑር። የፊተኛው ቢንሸራተት የኋለኛው የሚቆምበት ቦታ ያስፈልገዋል።

ሐ. ከባዱን ዕቃ፣ ማለትም መሣሪያውንና ውኃውን፣ ጉልበት ያለው ይሸከም። ካላማዳሪያና ገንዘብ ግን ሁለታችሁም ዘንድ ይኑር፤ ብትለያዩ አንዳችሁ ባዶ እጃችሁን አትቅሩ።

መ. የፊሽካ ምልክት ተስማሙ፦ አንድ ጊዜ «ቁም»፣ ሦስት ጊዜ «ተመለስ፣ ችግር አለ»። በጫካው መንገድ የስልክ ኔትዎርክ ይጠፋል፤ ዝናብ ሲጀምር ደግሞ ድምፅ አይሰማም።

ሠ. መንታ መንገድ ላይ ሁልጊዜ ተጠባበቁ። የቡና መንገዶች እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ።

7. ጭቃንና ቁልቁለትን በአግባቡ ያዙ

ቀዩ አፈር ለስላሳ ሸክላ ነው። ካፊያ ሲነካው ላዩ ያዳልጣል፤ ዶፍ ሲወርድበት ደግሞ እንደ ሊጥ ጎማ ላይ ይጠቀለላል። ጎማው መዞር ሲከብደው ፔዳሉን በኃይል አትርገጡ። ጭቃው የኋላ ማርሽ ቀያሪውን ወደ ጎማው ራጂ ይስበዋል፤ በኃይል ሲረገጥ ጆሮው ይሰበራል፤ ያ ከተሰበረ ብስክሌቱ በእጅ እየተገፋ ነው የሚመለሰው። ወርዳችሁ በማንኪያው ከሹካው መካከልና ከፍሬኑ አካባቢ ፋቁ፤ በሣሩ ዳር እየገፋችሁ ክፉውን ስፍራ እለፉ፤ ከዚያ ተሳፈሩ። 50 ሜትር መግፋት ነውር የለውም።

ቁልቁለት ላይ ኮርቻውን በ3 ወይም በ4 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጉ፤ ሰውነታችሁን ወደ ኋላ ሰብሰብ አድርጉ፤ ፔዳሎቹ ትይዩ ይሁኑ። ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ እያደረጋችሁ ሁለቱንም ተጠቀሙ። ከላይ እስከ ታች ጨብጦ የሚወርድ ሰው ዲስኩን ያግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ በሚያስፈልገው ሰዓት አይዝም። ቸርኬውን የሚይዝ የጎማ ፍሬን ካላችሁ ሲርስ ወዲያው አይዝምና፣ ከመታጠፊያው አስቀድማችሁ በለስላሳው ጨብጣችሁ ውኃውን አራግፉ። የረጠበ ኮብልስቶን፣ የወደቀ ቅጠልና የእንጨት ድልድይ ላይ አትታጠፉ፤ ፍሬን የሚያዝም መታጠፊያው የሚጠናቀቅም ከእነርሱ በፊት ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ድልድይ የሌለው ወንዝ ቡናማ ሆኖ ከሞላ አትሻገሩ፤ ጉልበት ያልደረሰ ጎርፍም ሰውን ይጥላል። ላይኛው አገር ዘንቦ ታች ፀሐይ ሊሆን ይችላል፤ ስትሄዱ የተሻገራችሁት ወንዝ ስትመለሱ ላያሻግር ስለሚችል ሌላ መመለሻ መንገድ ይኑራችሁ። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ከተራራው ጫፍና ለብቻው ከቆመ ዛፍ ራቁ፤ ብስክሌቱን ተዉት፤ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ግቡ።

8. ሳምንቱን እንዲህ ደልድሉ

ማክሰኞ፦ አጭር ጉዞ። ከከተማው ዳር ወደሚገኘው ወደ ቦዬ ረግረግ ጠዋት ንዱ፤ የብስክሌቶቹን ሁኔታ የምትፈትሹበት ቀን ነው። ቦዬ ላይ ጉማሬ አለ። በመንገዱ ላይ ቁሙ እንጂ ወደ ውኃው ዳር አትውረዱ፤ በጉማሬውና በውኃው መካከል ፈጽሞ አትግቡ። ጉማሬ ሲመሽ ሣር ሊግጥ ከውኃ ስለሚወጣ፣ ከ11 ሰዓት በኋላ በዚያ አካባቢ አትቆዩ። ከሰዓት በኋላ ከተማው ውስጥ ቡና ጠጡ፣ ተኙ።

ረቡዕ፦ ጅሬን። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው 7 ወይም 8 ኪሎ ሜትር ርቆ ኮረብታ ላይ ነው። መንገዱ አጭር መስሎ ዳገቱ ይጠነክራል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው በትንሹ ማርሽ ጀምሩ። ቤተ መንግሥቱ ከእንጨት የተሠራ በመሆኑ ጭቃ ይዛችሁ አትግቡ፤ ደረቅ ካልሲ ወይም ነጠላ ጫማ ያዙ። አጠገቡ መስጊድ አለ፤ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፤ የብስክሌት ጠባብ ቁምጣ ከለበሳችሁ ሰፊውን ሱሪ ከላይ ደርቡ። ከላይ ሆናችሁ ከተማውን አይታችሁ፣ ዳመናው ሳይጠቁር ውረዱ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲወርድ የጅማ ሙዚየምን እዩ፤ የቤተ መንግሥቱን ዕቃዎች የምታዩት እዚያ ስለሆነ፣ ጅሬንን ካዩ በኋላ መሄድ ይሻላል።

ሐሙስ፦ ዕረፍትና ገበያ። ብስክሌቱን አታውጡ፤ በእግር ወይም በባጃጅ ሂዱ። የጅማን በርጩማ፣ ማርና የቅርጫት ሥራ የምትገዙበት ቀን ነው። ማር ከገዛችሁ ክዳኑ የሚጠብቅ ጀሪካን ከቤት ይዛችሁ ኑ፤ በፌስታል የታሰረ ማር አውቶብስ ላይ ይፈሳል። በርጩማውን ስትመርጡ ደልዳላ መሬት ላይ አስቀምጣችሁ፣ ተቀምጣችሁበት፣ ስንጥቅ እንደሌለው እዩ፤ እርጥብ እንጨት ደረቅ አገር ሲደርስ ይሰነጠቃል።

ዓርብ፦ ሰቃ ጨቆርሳ። በቦንጋ መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ደርሶ መልስ 40 ነው። አስፋልት ስለሆነ ከሌሊቱ ዝናብ በኋላ ለሚከፋው ጠዋት ይህ መንገድ ይመረጣል። የኋላ መብራት አብሩ፤ አንዳችሁ ከአንዳችሁ ኋላ ሁናችሁ ንዱ፤ ጎን ለጎን አትንዱ። የጁምዓ ሶላት ሰዓት ላይ በመስጊዶች አካባቢ መንገዱ በሰው ስለሚሞላ ከ6 ሰዓት በፊት ተመለሱ። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን ዋናውን መንገድ ግን ለመንዳት አልመክርም፤ የጭነት መኪናው ብዙ ነው።

ቅዳሜ፦ «በለጠ» የሚባለው ጫካ። ከጅማ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሚኒባስ ወይም ፒክአፕ ተከራይታችሁ ብስክሌቱን ጫኑ፤ ሹፌሩ እስከ 6 ሰዓት እንዲጠብቃችሁ ተስማሙ። ከሸቤ አካባቢ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ግቡ፤ በጫካው ውስጥ የሚሄዱት የእግር መንገዶች ወደ ሰው ቡናና ወደ ቀፎ ያመራሉና ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አትግቡ። ከጥላ ሥር ያለው ቡና በዚህ ወቅት ፍሬው ገና አረንጓዴ ነው፤ አትቅጠፉ። ዛፉ ላይ ጉሬዛ ካያችሁ ብስክሌቱን አቁማችሁ ዝም በሉ፤ ዝም ያለ ሰው ብዙ ያያል። ለእኔ ከሳምንቱ ሁሉ ይህ ጠዋት ይበልጣል፤ ጊዜ ቢያጥራችሁ ሰቃን ትታችሁ ይህን ያዙ።

በዓርብ ምትክ ብርቱ ዳገት የምትፈልጉ ከሆነ ከከተማው በስተ ደቡብ ያለው የዴዶ መንገድ አለ። ረጅም ነው፤ ከፍ እያላችሁም በሄዳችሁ መጠን ብርዱ ይጨምራል። እስከ መጨረሻው ካልደረስን አትበሉ፤ 4 ሰዓት ተኩል ሲሆን ተመለሱ።

እሑድ፦ ብስክሌት እጠቡ፣ ዕቃ ሰብስቡ፣ ቡና አስፈልታችሁ ሦስቱንም ጠጡ።

በየመንገዱ ሰው ስታገኙ ዝም ብላችሁ አትለፉ። በኦሮምኛ ጠዋት «አካም ቡልተኒ» (እንዴት አደራችሁ) ማለት፣ ለተደረገላችሁ ነገር «ገለቶማ» (አመሰግናለሁ) ማለት በቂ ነው። መንገድ ስትጠይቁ «ካራን ኩን ኤሰ ጌሰ?» በሉ፤ ይህ መንገድ ወዴት ይወስዳል ማለት ነው። ጥያቄውን «ይህ መንገድ ጅማ ያደርሳል?» ብላችሁ አታቅርቡት፤ ሰው እንግዳን ላለማሳዘን አዎን ሊላችሁ ይችላል።

9. ከየጉዞው በኋላ ብስክሌቱን አጽዱ

ይህን ለነገ አታስተላልፉ። ጭቃው ከደረቀ ሲፋቅ ቀለሙንና ጎማውን ይጎዳል፤ ሰንሰለቱም በአንድ ሌሊት ይዝጋል።

ሀ. ውኃ በጆግ እያፈሰሳችሁ በብሩሽ አጽዱ። የመኪና እጥበት ቤት ያለውን ኃይለኛ የውኃ ቱቦ በጎማው መሀል ባለው ኩሽኔታና በፔዳሉ መዞሪያ ላይ አታስይዙ፤ ውኃው ግሪሱን አጥቦ ያወጣዋል።

ለ. ሰንሰለቱን በጨርቅ ይዛችሁ ፔዳሉን ወደ ኋላ አዙሩ፣ ጨርቁ ጥቁር መሆኑን እስኪተው ድረስ።

ሐ. በእያንዳንዱ የሰንሰለት መጋጠሚያ ላይ አንድ አንድ ጠብታ ዘይት አድርጉ፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ የተረፈውን ጥረጉ። የሚቀባው ውስጡ ነው፤ ውጪው ላይ የቀረ ዘይት አሸዋ ይሰበስባል። የሰንሰለት ዘይት ካለቀባችሁ የስፌት መኪና ዘይት ይሠራል፤ ቀጭን ስለሆነ ዝናብ ቶሎ ያጥበዋልና በየቀኑ ድገሙት። የሞተር ዘይት አትጠቀሙ። በፍሬኑ ዲስክ ላይ ደግሞ ምንም ዓይነት ዘይት እንዳይነካ ተጠንቀቁ፤ ዘይት የጠጣ ሸራ አይጸዳም።

መ. የፍሬኑን ሸራ እዩ።

ሠ. ጫማው ውስጥ ጋዜጣ ጎስጉሱ፤ ከ2 ሰዓት በኋላ ቀይሩት። ከሰል ምድጃ አጠገብ አታስቀምጡት፤ ማጣበቂያው ይለቃል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አንድዳችሁ ልብስ ለማድረቅም አትሞክሩ፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

በብዛት የሚሠሩ ስሕተቶች

- ጠዋት ዘግይቶ መነሣት። ማታ አምሽቶ 3 ሰዓት ላይ የተነሣ ሰው የሚመለሰው በዶፍ ውስጥ ነው።
- ካፊያው ሲጀምር የዝናብ ልብስ አለመልበስ። ከረጠባችሁ በኋላ መልበስ ላቡንና ውኃውን ውስጥ ማስቀረት ነው።
- በዛፍ ሥር ቆሞ ዝናብ እስኪያባራ እየጠበቁ መቀዝቀዝ። መጠለያ ቤት ከሌለ ዝግ ብሎ በዳገት በኩል መሄድ ሰውነትን ያሞቃል፤ ይህ ነጎድጓድ በሌለበት ጊዜ ብቻ ነው።
- የሚያባርርን ውሻ በፍጥነት ለማምለጥ መሞከር። ወርዳችሁ ብስክሌቱን በመካከል አድርጉና በእግር ሂዱ፤ አብዛኛው ውሻ ይተዋል። የነከሰ እንደሆነ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ አጥባችሁ በዚያው ዕለት ጤና ተቋም ሂዱ።
- ሲመሽ መንዳት። በከተማው ዳርም ቢሆን ጅብ አለ፤ ጎርፍ የከፈተው ጉድጓድም ማታ አይታይም።
- ለመመለሻው ጉዞ ብስክሌቱን እርጥብ እንደሆነ ማሸግ። እሑድ አጥባችሁ፣ በጥላ አድርቃችሁ፣ ሰንሰለቱን ዘይት ቀብታችሁ ስታበቁ ነው ካርቶኑ የሚለብሰው። ሲጫንም እንደገና አጠገቡ ቁሙ፤ በርጩማውን ከብስክሌቱ ጋር አትሰሩት፤ እግሮቹ የጎማውን ራጂ ስለሚመቱ ለብቻው ከእናንተ ጋር ውስጥ ይግባ።